የድሮ ሃይሉክስ፦ ሜዳ ላይ እየሄደ ሞተሩ ለቅጽበት ጥፍት ብሎ ይመለሳል፤ ከየት ልጀምር?

ፒክአፕ_76

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው የ1976 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ሞተሩ 12አር፣ 1.6 ሊትር። እሳቱ የድሮው የፑንቲና ሲስተም (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የቦቢናውን ጅረት እየከፈተ የሚዘጋ መገናኛ ያለው) እንደሆነ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ አልተገጠመለትም።

ጠዋት በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሚኒሞው ልክ ነው፤ ቆሞ ረጅም ሰዓት ቢሠራም አይንተፋተፍም። መንገድ ወጥቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን፣ በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፔዳሉን ቀለል አድርጌ ይዤ ሜዳ ላይ ስሄድ ድንገት ጥፍት ይላል። ቁልፉን የዘጋሁት ያህል ነው። ወዲያው ይመለሳል፤ ሲመለስ አንዳንዴ ማርሚታው ውስጥ ይጮኻል። አንዳንዴ ደግሞ ተከታትሎ ይቆራረጥና ፔዳሉን ስለቅ ይስተካከላል። ዳገት ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስረግጠው ግን ምንም አይነካውም።

ካንዴላዎቹ፣ ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩና ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ተቀይረዋል። ለውጥ የለም። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሲሠራ 14.1 ቮልት ያሳያል። የነዳጅ ፊልትሮው አዲስ ነው። አሁን ካርቡሬተሩን ልፈታ ነው። ከዚያ በፊት የእሳት ይሁን የነዳጅ እንዴት ልለየው? ጋራዥ ሲደርስ ስለሚጠፋ የያዘው የለም። ቴስተርና የመፈተሻ አምፖል አለኝ።

ሽቦ_ተከታይ

ወንድሜ፣ ካርቡሬተሩን ለጊዜው ተወው። ነዳጅ ሲያጥር ሞተር የሚደክመው ቀስ እያለ ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የተጠራቀመው እስኪያልቅ ይጎትታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉን ስትጨምር ደግሞ ይብስበታል። ያንተ ግን ቀጥ ብሎ ጠፍቶ በዚያው ቅጽበት ይመለሳል። ይህ የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። የማርሚታው ጩኸትም እዚያው ይወስደናል፦ እሳት በሌለባት ቅጽበት ሳይቃጠል ያለፈው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይቆይና እሳቱ ሲመለስ እዚያ ይፈነዳል።

የቀረው ሥራ ከባትሪ እስከ ካንዴላ ባለው መንገድ የቱ ጋ እንደሚቋረጥ ማወቅ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት ዕቃ በመቀያየር አይገኝም፤ በመጣበት ሰዓት መያዝ አለበት። ለዚህ ሁለት ትንንሽ አምፖሎች ወደ ጋቢና አስገባ።

አምፖሎቹ 12 ቮልት፣ 3 ዋት የሆኑ የዳሽቦርድ አምፖሎች ይሁኑ። የመጀመሪያውን ከቦቢናው ፖዘቲቭ ወደ ማሳ (ወደ መኪናው ብረት)፣ ሁለተኛውን ከቦቢናው ኔጋቲቭ፣ ማለትም ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ከሚሄደው ጫፍ፣ ወደ ማሳ እሰር። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ከቦቢናው አጠገብ 1 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ሽቦዎቹ ከቬንትሌተሩ፣ ከጭስ ማውጫውና ከካንዴላ ካቦዎቹ ርቀው ይለፉ። አምፖሎቹን አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው ይመልከት፤ አንተ መንገዱን ተመልከት።

የአምፖሉ መጠን ላይ አደራ። የፍሬን መብራት ዓይነት 21 ዋት አምፖል ሁለተኛው ቦታ ላይ ብታስር፣ ፑንቲናው ሲከፈት እንኳ ከ1 አምፔር በላይ በአምፖሉ በኩል ማለፉን ይቀጥላል። ያኔ የቦቢናው ማግኔት በሙሉ ስለማይፈርስ እሳቱ ይደክማል፤ የማትፈልገውን ሌላ ብልሽት ራስህ ጨመርክ ማለት ነው። ዲጂታል ቴስተርም ሞተሩ እየሠራ ቦቢናው ኔጋቲቭ ላይ አትሰካ። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር እዚያ ጫፍ ላይ ከ200 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ምት አለ፤ ርካሽ ቴስተር ሊያቃጥል ይችላል።

ሞተሩ በደህና ሲሠራ የመጀመሪያው አምፖል ሳይቋረጥ ይበራል፣ ሁለተኛው ይርገበገባል፣ ከመጀመሪያውም ይደበዝዛል። በአራት ሲሊንደር ዲስትሪቢዩተር ለእያንዳንዱ እሳት 90 ዲግሪ ይደርሰዋል። ፑንቲናው 52 ዲግሪውን ዘግቶ 38ቱን ብቻ ስለሚከፍት ሁለተኛው አምፖል የሚበራው ከግማሽ ላነሰ ጊዜ ነው።

አሁን ሞተሩ ጥፍት ሲል ፍሪሲዮን አትርገጥ። መኪናው በማርሽ ውስጥ እየተንከባለለ ሞተሩን ማዞሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ፑንቲናው መክፈት መዝጋቱን አያቆምም። በዚያች ቅጽበት አምፖሎቹ የሚሉት ይህ ነው፦

ሁለቱም ከጠፉ ቦቢናው ምግብ አላገኘም። ብልሽቱ ከቦቢናው በፊት ነው፦ የቁልፉ ማብሪያ፣ ፊውዝ፣ የሽቦ ማገናኛ ወይም ሬዚስተሩ (ወደ ቦቢናው የሚገባውን ጅረት የሚቀንሰው)።

የመጀመሪያው በርቶ ሁለተኛው ከጠፋ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አምፖል ከወትሮው ደመቅ ብሎ ከቆመ የቦቢናው ውስጥ ሽቦ ተበጥሷል፤ ጅረት ስለሌለ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀር ቮልት የለምና ሙሉው 12 ይደርሰዋል። ደብዘዝ ካለ ግን ጅረቱ ሳይቋረጥ ወደ ማሳ እየፈሰሰ ነው። ያኔ ወይ ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይ የኔጋቲቩ ሽቦ የሆነ ቦታ ከብረት ጋር እየተነካ ነው። የአርፒኤም ጌጅ ካለህ ወደ እሱ የሚሄደውን ሽቦም እይ፤ ከዚሁ ጫፍ ስለሚነሳ እሱ ብረት ቢነካም ሞተሩ ይጠፋል።

ሁለቱም ሳይርገበገቡ ደምቀው ከቆሙ ከቦቢናው በኋላ ያለው ክፍል ተከፍቷል፣ ማለትም ተቋርጧል፦ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚገባው ሽቦ፣ ፑንቲናው ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ማሳ።

ሁለቱም እንደ ወትሮው ከቀጠሉና ሞተሩ ግን ከጠፋ ፈተናው ወደ ከፍተኛ ቮልቴጁ ክፍል ይሄዳል፦ የቦቢናው ዋና ካቦ፣ ክዳኑ፣ ሮተሩ። ስለ ነዳጅም ማሰብ የምትጀምረው ያኔ ነው።

ኦም_በኦም

የአምፖሉ ዘዴ ትክክል ነው። መንገድ ከመውጣትህ በፊት ግን አዲሱን ቦቢና ለካ። ያንተ ብልሽት ባይሆን እንኳ በኋላ ጣጣ ያመጣል።

የ12 ቮልት ቦቢና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በውጭ ሬዚስተር የሚሠራ፣ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ ጫፎቹ መካከል 1.5 ኦም አካባቢ የሚለካ ነው። ሌላው ያለ ሬዚስተር የሚሠራ፣ 3 ኦም አካባቢ የሚለካ ነው። መልካቸው አንድ ስለሆነ ቆርቆሮውን አይተህ አትለያቸውም።

የመጀመሪያው ዓይነት ከ1.5 ኦም ሬዚስተር ጋር ሲሆን ጠቅላላው 3 ኦም ይሆናል፣ 4 አምፔር ይስባል፤ ፑንቲና በምቾት የሚችለው ይህን ያህል ነው። ያንኑ ቦቢና ያለ ሬዚስተር ብታስረው 8 አምፔር ያልፋል፤ ፑንቲናው ይቃጠላል፣ ቦቢናው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። በተቃራኒው የ3 ኦሙን ቦቢና ሬዚስተሩን ሳታነሳ ብትገጥም ጠቅላላው 4.5 ኦም ይሆንና 2.7 አምፔር ብቻ ያልፋል። እሳቱ ቀጭን ይሆናል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ስትለካ ሁለቱንም ሽቦዎች ከቦቢናው ንቀል፣ የቴስተሩን ጫፎች እርስ በርስ አነካክተህ የሚያሳየውን ከውጤቱ ቀንስ። በዚህ ትንሽ ኦም ላይ የቴስተሩ ሽቦ ራሱ 0.3 ሊጨምር ይችላል። ቀዝቅዞ አንዴ፣ ከመንገድ ስትመለስ ትኩስ እያለ አንዴ ለካ። ቀዝቅዞ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚከፈት ቦቢና ብዙ ነው። የሸክላ ሬዚስተሩ ቁልፉ ክፍት ከቆየ ይግላል፤ በእጅህ አትንካው።

ኮንደንሰሩንም አዲስ ነው ብለህ አትመነው። መሆን ያለበት ከ0.20 እስከ 0.25 ማይክሮፋራድ ነው። ቴስተርህ የሚለካ ከሆነ ለካው። ካልሆነ የፑንቲናውን ፊት እይ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ከሰማያዊነት ጋር ከተቃጠለ ወይም በአንዱ ፊት ጉብታ፣ በሌላው ጉድጓድ ከሠራ ኮንደንሰሩ ልክ አይደለም። አሮጌው ኮንደንሰር ደህና ሲሠራ የነበረ ከሆነ አትጣለው።

ቀይ_መስመር

እኔ ቁልፉን አስቀድም እላለሁ፤ ፈተናው ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን በሚኒሞ አሠርተህ ቁልፉን ወደ ማጥፊያው ሳታደርስ ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርገው። ከዳሽቦርዱ ሥር የማብሪያውን ሶኬት ጎተት፣ ገፋ አድርግ። በቁልፉ ላይ ከባድ ማንጠልጠያ ካለ አውርድ። ውስጡ ያለው ነሐስ ሲበላ የመንገድ ንዝረት ብቻ ያቋርጠዋል።

ጥርጣሬው ካለ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስተህ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል በቀጥታ ወደ ሬዚስተሩ መግቢያ ሽቦ ሳብ። ወደ ቦቢናው አይደለም፣ ወደ ሬዚስተሩ መግቢያ። ይህን አድርገህ ብልሽቱ ከጠፋ ቁልፉ ወይም በመካከል ያለው ሽቦ ነው። ሽቦው ተስቦ ሳለ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል አለብህ፣ ስለዚህ ከጋቢና የምትደርስበት ማብሪያ ጨምርበት።

በቴስተር ከሆነ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሬዚስተሩ መግቢያ ያለውን የቮልት ልዩነት ለካ። ከ0.5 ቮልት ከበለጠ መንገዱ ላይ መጥፎ መገናኛ አለ።

ፒክአፕ_76

እናመሰግናለን፣ ሁሉንም አደረግሁ።

ቁልፉን ብነቀንቀው ምንም የለም። ከባትሪ እስከ ሬዚስተር መግቢያ 0.3 ቮልት ነው።

ቦቢናው ቀዝቅዞ 3.1 ኦም፣ ሞቆ 3.4። ሬዚስተሩ 1.6 ኦም፣ እሱ በቦታው ላይ ነው።

አምፖሎቹ፦ ብልሽቱ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ይደምቃሉ፣ ሁለተኛው መርገብገቡን ያቆማል። ፔዳሉን ስለቅ መርገብገቡ ይመለሳል፣ ሞተሩም አብሮ ይመለሳል። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

ፑንቲናውን እንደገና አየሁት፣ ፊቱ ንጹህ ነው፣ ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር። እንግዲህ ከቦቢናው በኋላ ነው ማለት ነው፤ ግን ፔዳልና ፑንቲና ምን አገናኛቸው?

ሽቦ_ተከታይ

የሚያገናኛቸው ቫኩም አድቫንሱ ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ያለው፣ በሞተሩ የአየር መሳብ (ቫኩም) እሳቱን የሚያስቀድመው ጣሳ። መጀመሪያ ስትጽፍ የዳገቱን ነገር መጥቀስህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መረጃ ነበር።

ደካማ ቦቢና፣ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም ያረጀ የካንዴላ ካቦ ቢሆን ኖሮ የሚጋለጠው ዳገት ላይ ነበር። ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፤ በታመቀ አየር ውስጥ እሳት በካንዴላው ክፍተት ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ ደካማው ክፍል እዚያ ላይ ይሸነፋል። ያንተ ዳገቱን በደህና እየወጣ ሜዳ ላይ በቀላል ፔዳል ነው የሚቆራረጠው።

በቀላል ፔዳል ምን የተለየ ነገር አለ? የቫኩም ቱቦው ከካርቡሬተሩ ቢራቢሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚነሳው። በሚኒሞ ቢራቢሮው ከቀዳዳው በታች ስለተዘጋ ቫኩም የለም። ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ሞተሩ አየር እንደልቡ ስለሚያገኝ ቫኩሙ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል፣ ፔዳሉን ቀለል አድርገህ ስትይዝ ግን ከፍተኛ ቫኩም ይደርሰዋል። ጣሳው ውስጥ ያለው ላስቲክ ይሳባል፣ ዘንጉን ይጎትታል፣ ዘንጉ ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ያዞራል። ሳህኑ ሲዞር ከዲስትሪቢዩተሩ ግድግዳ ወደ ፑንቲናው የሚሄደው አጭር ሽቦ አብሮ ይታጠፋል።

ያ ሽቦ በዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ አስበው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ሽፋኑ ደህና ይመስላል። ሳህኑ በቦታው ሲያርፍ የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ፤ ሲሳብ ይለያያሉ። ሲሞቅ የሚብሰው ሽፋኑ ሲለሰልስ ይበልጥ ስለሚሳብ ነው። ፑንቲና ሲቀየር ደግሞ ያኛው ሽቦ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ለዚህ ነው አዲስ ፑንቲና ምንም ያልለወጠው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሳህኑ ማሳ ነው። የሚንቀሳቀሰውን ሳህን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የተጎነጎነ ሽቦ መኖር አለበት። እሱ ከተበጠሰ ጅረቱ በሳህኑ መሽከርከሪያና በደረቀ ግሪስ በኩል ለማለፍ ይገደዳል፤ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ አያልፍም። የአምፖሉ ምልክት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቫኩም ቱቦውን ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅለህ የቱቦውን አፍ በብሎን ድፈንና ንዳ። ትንሽ ነዳጅ ይበላል እንጂ ሞተሩን አይጎዳም። ብልሽቱ ከጠፋ ቦታው ተገኘ ማለት ነው።

መንገድ ሳትወጣም ይቻላል። ሞተሩን በሚኒሞ አሠራና የጣሳውን አፍ በእጅ ቫኩም ፓምፕ ቀስ እያልክ እስከ 50 ኪሎ ፓስካል ሳብ። ፓምፕ ከሌለ ንጹህ ቱቦ አስገብተህ በአፍህ ምጠጥ። ደህና ዲስትሪቢዩተር ሲሆን እሳቱ ስለሚቀድም የሞተሩ ዙር ከፍ ይላል። ያንተ ከጠፋ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ኦም_በኦም

ሁለቱን ሽቦዎች ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ በኦም ለካቸው። የቦቢናውን ኔጋቲቭ ሽቦ ከቦቢናው ንቀል፣ ሞተሩን በእጅ አዙረህ ፑንቲናው የሚዘጋበት ላይ አቁም። ከዚያ ፓምፑን እየሳብክ በሁለት ቦታ ለካ፦ ከተነቀለው ሽቦ ጫፍ እስከ ፑንቲናው መያዣ ብሎን፤ ቀጥሎ ከሳህኑ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ። የቴስተሩን ሽቦ ቀንሰህ ሁለቱም ከ0.2 ኦም በታች ሆነው ሳይንቀጠቀጡ መቆየት አለባቸው። ቁጥሩ የሚዘለው የትኛው ላይ እንደሆነ ብልሽቱ እዚያ ነው።

የዲጂታል ቴስተር ቁጥር አዝጋሚ ስለሆነ ቅጽበታዊ መቋረጥን ሊዘለው ይችላል። ድምፅ ወደሚሰጠው መፈተሻ ቀይረህ ፓምፑን ልቀቅ ሳብ አድርግ፤ ጆሮህ ከዓይንህ ቀድሞ ይሰማዋል።

ሽቦው በዲስትሪቢዩተሩ ግድግዳ የሚያልፍበትን ማገጃ ፕላስቲክም እይ። ከተሰነጠቀ ብሎኑ ግድግዳውን እየነካ ማሳ ያደርገዋል። ያ ቢሆን ሁለተኛው አምፖልህ ይጠፋ ነበር፤ ስለዚህ ያንተ እሱ አይደለም። ግን ተከፍቶ ሳለ ካላየኸው መቼ ታየዋለህ?

ፒክአፕ_76

ተገኘ። ቫኩሙን ስስብ ገና ከግማሽ ሳይደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ስለቅ ተመለሰ። በኦም ሲለካ የሳህኑ ማሳ ጸጥ ብሎ 0.1 ላይ ቆመ፣ የፑንቲናው ሽቦ ግን እየዘለለ ክፍት ይላል። ሽቦው ከውጭ ምንም አይመስልም። በሁለት ጣት ሳብ ሳደርገው ግን ከጫፉ ማገናኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ሽፋኑ እንደ ጎማ ተለጠጠና ቀጠነ፤ እዚያ ጋ ውስጡ ባዶ ነው።

ሙሉውን ማገናኛ እስካገኝ ሌላ ሽቦ ቆርጬ ልተካው? ተራ የመኪና ሽቦ ይሆናል? የቦቢናውንስ ነገር ምን ላድርግ?

ሽቦ_ተከታይ

ተራ የመኪና ሽቦ አይሆንም። ጥቂት ወፋፍራም ክሮች ስላሉት በዚያ አጭር ርቀት ላይ ሲታጠፍ ቶሎ ይበጠሳል፤ ድርቀቱም ሳህኑን ይይዝና አድቫንሱን ያበላሻል። ክሮቹ እንደ ጸጉር የቀጠኑና የበዙ፣ ሽፋኑ ሲሊኮን የሆነ ሽቦ ፈልግ። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ለ4 አምፔር ይበቃል። የቴስተር መፈተሻ ሽቦ ዓይነት የሚለሰልስ ማለት ነው።

ጫፎቹን በቆርቆሮ አትበይዳቸው፣ በመጭመቂያ ፒንሳ ጨብጣቸው። ብየዳው በክሮቹ መካከል ወደ ላይ ይሳብና ሽቦውን እስከ ሆነ ቦታ ያደርቀዋል፤ በሚታጠፍበት ጊዜ ደረቁ ከለስላሳው በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በትክክል ይበጠሳል። ያንተም የተበጠሰው ከማገናኛው አለፍ ብሎ ነው።

ርዝመቱን ሳህኑ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሳለ ለካ እንጂ በዕረፍት ቦታው አይደለም። ሳይወጠር ትንሽ ልል ይሁን፤ ግን መካከል ያለውን ካም ወይም የሚዞረውን ሮተር እስኪነካ አይርዘም። ማገናኛው ከፑንቲናው ማሰሪያ ጋር ሲታሰር ማገጃ ሸክላው ወይም ፕላስቲኩ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መመለሱን አረጋግጥ። አንዱ ዋሸር ቦታ ከሳተ ፑንቲናው ሁልጊዜ ማሳ ይሆንና መኪናው ጭራሽ አይነሳም። ሽቦ ተቀይሮ መኪናው እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ክዳኑ ተነስቶ ሳለ ፑንቲናውን ጨርስ። የፑንቲናው ማሻሻ ከካሙ ከፍተኛ ጫፍ ላይ እንዲያርፍ ሞተሩን በእጅ አዙር፤ 0.45 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ በቀላሉ ነክቶ ይለፍ። ጌጁ ዘይት ካለው ጥረገው፤ ዘይቱ ፑንቲናው ፊት ላይ ይቀርና ይቃጠላል። ካሙ ላይ የክብሪት ጭንቅላት የሚያህል የዲስትሪቢዩተር ግሪስ ቀባ፣ ከዚያ አይበልጥ። ግሪስ ካጣ ማሻሻው ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ እሳቱ ይዘገያል። ከበዛ ደግሞ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያቆሽሻል።

ድዌል ሜትር (ፑንቲናው ስንት ዲግሪ ተዘግቶ እንደሚቆይ የሚለካ) ካገኘህ ከ50 እስከ 54 ዲግሪ መካከል ይሁን፤ ከጌጅ ይልቅ እሱን እመን። ክፍተቱን ከነካህ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚነሳበት ሰዓት) አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ታይሚንጉ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። የቫኩም ቱቦው ተነቅሎ ተደፍኖ፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ፣ በታይሚንግ መብራት መጽሐፉ በሚያዘው ዲግሪ ላይ አድርግ።

ቱቦው ተነቅሎ ሳለ አንድ ተጨማሪ ነገር እይ፦ ድዌሉን በሚኒሞ አንብብ፣ ከዚያ ወደ 2000 ዙር አውጣውና እንደገና አንብብ። ከ3 ዲግሪ በላይ ከተለዋወጠ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቡሽ በልቷል። ዘንጉ ሲወዛወዝ የፑንቲናው ክፍተት በእያንዳንዱ ዙር ይለያያል፤ ይህን ደግሞ በፑንቲና ማስተካከል አታስተካክለውም፣ ቡሹ መቀየር አለበት።

ኦም_በኦም

ስለ ቦቢናው፦ 3.1 ኦም ማለት ያለ ሬዚስተር የሚሠራ ነው። አሁን ከ1.6 ኦም ሬዚስተር ጋር ጠቅላላው 4.7 ኦም ነው፣ 2.6 አምፔር ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ 1.5 ኦም ቦቢና ፈልገህ ሬዚስተሩን በቦታው ትተዋለህ፣ ወይ ይህንኑ ቦቢና ይዘህ ሬዚስተሩን ትዘልለዋለህ።

ለእኔ የመጀመሪያው ይሻላል። ሬዚስተሩ ያለው በምክንያት ነው፦ ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ቮልት ወደ 10 አካባቢ ይወርዳል። በዚያን ሰዓት ሌላ ሽቦ ሬዚስተሩን ዘልሎ በቀጥታ ለቦቢናው ስለሚመግብ፣ ለዝቅተኛ ቮልት የተሠራው 1.5 ኦም ቦቢና ደካማ ባትሪ ይዞም ጠንካራ እሳት ይሰጣል። የ3 ኦሙ ያን ጥቅም አያገኝም።

ሁለተኛውን ከመረጥክ ወደ ሬዚስተሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሽቦ በአንድ ማገናኛ ላይ አስረህ ሬዚስተሩን ከመንገዱ አውጣ። ኮፈኑ ሥር ላዩ ላይ በግልጽ ጻፍበት። ነገ ሌላ ሰው 1.5 ኦም ቦቢና ቢገጥምበት 8 አምፔር ፑንቲናህን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

የቦቢናው ኔጋቲቭ ጫፍ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ መሄዱን አረጋግጥ። የባትሪው ኔጋቲቭ ማሳ በሆነበት መኪና ላይ ጫፎቹ ከተገላበጡ ሞተሩ ይነሳል፣ ግን እሳቱ በካንዴላው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዘል ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃል።

የካንዴላ ካቦዎቹን ስትመልስ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። እያንዳንዱን ካቦ ለካ፤ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ የሆነውን ቀይር። የክዳኑን ውስጥ በደማቅ ብርሃን እይ፤ በሁለት ጫፎች መካከል በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳት እየሾለከበት ነው፤ ማጽዳት አያድነውም፣ ክዳኑ ይቀየር። መካከሉ ላይ ያለችው የካርቦን ቁልፍ በስፕሪንጓ ወደ ውስጥ ገብታ መመለሷንም በጣትህ ሞክር።

ቀይ_መስመር

አንድ ነገር ልጨምር። ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት ጣሳውን ስበህ ቱቦውን በጣትህ ድፈን። ሳህኑ እንደተሳበ መቆየት አለበት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ላስቲኩ ተቀዷል፤ አድቫንሱ በደንብ አይሠራም፣ በተቀደደውም አየር ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። ከተሳበ በኋላ ተጣብቆ ካልተመለሰ ደግሞ ሳህኑ ደርቋል፤ አውርደህ አጽዳውና በቀጭኑ ግሪስ ቀባው፣ አለበለዚያ አዲሱ ሽቦ እዚያው ይሰቃያል።

ሁለቱን አምፖሎች ሽቦው ከተቀየረ በኋላም ትተሃቸው በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቀላል ፔዳል አንዴ ንዳ። ሁለተኛው ሳያቋርጥ ከተርገበገበ አውጣቸው።